ግላዊነት

ግላዊነት ወይም የግል ሕይወት መከበር ማለት አንድ ሰው ስለ ራሱ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ቤተሰቡና ስለሚጻጻፈው ነገር ማን ምን ማየት፣ መስማትና ማወቅ እንደሚችል ራሱ የመወሰን መብቱ ነው። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 እና በሌሎች ሕጎች ጥበቃ ተደርጎለታል።

ትርጉም

ግላዊነት ከምስጢር ይለያል። ምስጢር ከሌሎች የተሰወረ ነገር ነው። ግላዊ ነገር ግን ብዙ ሰው የሚያውቀው ሊሆን ይችላል፤ ወሳኙ ነገር የባለቤቱ ፈቃድ ነው። አንድ ሰው መታመሙን ሐኪሙ፣ ቤተሰቡና ጎረቤቶቹ ቢያውቁም፣ ሕመሙ ለማያውቀው ሰው እንዲነገር ፈቅዷል ማለት አይደለም። ስለዚህ «የምደብቀው ነገር የለኝም» የሚል ሰውም ግላዊነት ያስፈልገዋል።

በዘመናዊው የሕግ ትምህርት ሐሳቡ ጎልቶ የወጣው በ1890 እ.ኤ.አ. ሁለት አሜሪካውያን የሕግ ባለሙያዎች፣ ሳሙኤል ዋረንና ሉዊስ ብራንዳይስ፣ በሃርቫርድ የሕግ መጽሔት ላይ ባሳተሙት ጽሑፍ ነው። ጽሑፉን እንዲጽፉ ካነሣሷቸው ምክንያቶች አንዱ የጊዜው ፈጣን ካሜራና የሰውን ጓዳ የሚያወጡ ጋዜጦች መስፋፋት ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1948 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው ሁሉን አቀፍ የሰብአዊ መብቶች መግለጫም በአንቀጽ 12 የግል ሕይወትን፣ ቤተሰብን፣ ቤትንና የደብዳቤ ልውውጥን ከዘፈቀደ ጣልቃ ገብነት ይጠብቃል።

በባህል ውስጥ

ቃሉ አዲስ ቢመስልም ሐሳቡ በአማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ የቆየ ነው። ለሰው የማይወጣ የቤት ጉዳይ «ገመና» ወይም «ገበና» ይባላል፤ የሌላውን ገመና የሚሸፍን ይመሰገናል፣ የሚያወጣ ይነቀፋል። እንግዳ በር ላይ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ የሚጣራው «ግቡ» እስኪባል ድረስ ነው። ሳሎኑ ለእንግዳ ክፍት ሲሆን፣ ጓዳው ግን ለቤተኛ ነው። «ሆድ ከአገር ይሰፋል» የሚለው ምሳሌም ሰው የሰማውን ሁሉ እንዳያወራ ይመክራል።

የዶርዜ ቤትና ጎብኚዎች

ግላዊነት በተግባር ምን እንደሚመስል ከሚያሳዩ ቦታዎች አንዱ ዶርዜ ነው። ዶርዜ በጋሞ ዞን፣ ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚወጣው መንገድ ላይ፣ በጉጌ ተራሮች የሚገኝ አካባቢ ነው። ሕዝቡ በሽመናው የታወቀ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ከሚሠሩት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከዶርዜና ከአካባቢው የመጡ ናቸው።

የዶርዜ ባህላዊ ቤት ከተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ቅርጫት ተጠልፎ የሚሠራ ረጅም ቤት ነው። ፊቱ ወደ ውጭ ወጣ ስለሚል በዝሆን ራስ ይመሰላል። ይህ ወጣ ያለው ክፍል መቀመጫ ያለውና እንግዳ የሚቀበሉበት ሲሆን፣ ወደ ውስጥ ሲዘለቅ ምድጃው፣ የቤተሰቡ መኝታና የከብቶቹ ቦታ በቀርከሃ ተከፍለው ይገኛሉ። ቤቱ አንድ ጣሪያ ቢኖረውም ከእንግዳ መቀበያ እስከ መኝታ ድረስ ደረጃ አለው።

በአንጻሩ የጋሞ ሕዝብ የጋራ ጉዳዩን የሚመክረውና ጠብ የሚያበርደው «ዱቡሻ» በሚባል አደባባይ ነው። የአደባባዩ ነገር በአደባባይ፣ የቤቱ ነገር በቤት ይያዛል።

ቱሪዝም ይህን ድንበር አወሳስቦታል። የዶርዜ ቤት መኖሪያ ብቻ ሳይሆን መሥሪያና የገቢ ምንጭም ሆኗል። ጎብኚዎች ሽመናውን፣ ፈትሉንና ከእንሰት የሚዘጋጀውን ቆጮ ለማየት ይመጣሉ፤ ወደ ቤት ገብተውም ፎቶግራፍ ያነሣሉ። ይህ ለነዋሪዎች ገቢና ለባህሉ ክብር ያስገኛል። ነገር ግን አንዱ ፈቃድ ሌላውን አያጠቃልልም። ቤት መግባት የተፈቀደለት ጎብኚ መኝታውን እንዲያይ፣ ሽመናውን እንዲያይ የተፈቀደለት የሸማኔውን ፊት እንዲያነሣ፣ ፎቶ ማንሣት የተፈቀደለት ደግሞ ምስሉን በፖስትካርድ ወይም በኢንተርኔት እንዲያሠራጭ ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። የተከፈለ ገንዘብም የሚሸፍነው ስምምነት የተደረገበትን ነገር ብቻ ነው።

በተለይ የልጆች ጉዳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወደ ዶርዜ በሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ዳር ልጆች የጎብኚ መኪና ሲያዩ ይጨፍራሉ። ለካሜራ የጨፈረ ልጅ ግን ምስሉ ለዓመታት የት የት እንደሚዞር አስቦ ፈቅዷል ሊባል አይችልም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት ውሳኔ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ይደነግጋል።

በኢትዮጵያ ሕግ

የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሕግ ከፈቀደው በቀር ቤት እንዳይፈተሽና የደብዳቤ ምስጢር እንዳይደፈር ይከለክል ነበር። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 መብቱን አስፍቶ መኖሪያ ቤትን፣ ሰውነትንና ንብረትን፣ እንዲሁም በፖስታ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትን ይጠብቃል።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 13 መኖሪያ ቤት የማይደፈር መሆኑን ይደነግጋል። አንቀጽ 27 ደግሞ የሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። በአንቀጽ 28 መሠረት ባለምስሉ ዝነኛ ሰው ወይም ባለሥልጣን ከሆነ፣ ለፍትሕና ለፖሊስ ሥራ፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ጥቅም ከሆነ፣ ወይም ምስሉ ከሕዝባዊ ሁኔታ ጋር የተያያዘ ከሆነ ፈቃድ ላያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ በዶርዜ የመስቀል በዓል የወጣውን ሕዝብ ማንሣትና አንዲት እናት በምድጃዋ አጠገብ ተቀምጣ ሳለ አንሥቶ መሸጥ በሕግ ፊት እኩል አይደሉም። ምስሉ ያለ ፈቃዱ የወጣበት ሰው ሥርጭቱ እንዲቆም መጠየቅ ይችላል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም የሰውን መኖሪያ መድፈርንና የደብዳቤ ምስጢር መጣስን በወንጀልነት ያስቀጣል።

ገደቦች

ግላዊነት ገደብ የሌለው መብት አይደለም። ወንጀልን ለመከላከል፣ ለብሔራዊ ደኅንነት፣ ለሕዝብ ጤናና የሌሎችን መብት ለማስከበር ሊገደብ ይችላል፤ ይህ የሚሆነው ግን በዝርዝር ሕግ መሠረትና አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖር ነው። ለፍተሻ የፍርድ ቤት ማዘዣ የሚጠየቀውም ለዚሁ ነው።

ግላዊነት የጥቃት መሸሸጊያም አይሆንም። «የቤት ገመና ነው» እየተባለ በትዳር ውስጥ የሚፈጸም ድብደባ ለረጅም ጊዜ ሲሸፈን ኖሯል። የወንጀል ሕጉ ግን በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም ጥቃት እንደሚያስቀጣ ይደነግጋል። ገመና የሚጠብቀው የቤቱን ሰዎች ክብር እንጂ የአንዱን ጉልበት አይደለም።

የግል መረጃ

ዛሬ ስለ ሰው የሚታወቀው ብዙ ነገር የሚገኘው በቤቱ ሳይሆን በስልኩ፣ በባንክና በመንግሥት መዝገቦች ውስጥ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የዲጂታል መታወቂያ፣ ፋይዳ፣ የጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ምስል ይመዘግባል። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ የጣት አሻራ ግን አይቀየርም።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰውን መረጃ የሚሰበስብ አካል ሕጋዊ ምክንያትና ግልጽ ዓላማ እንዲኖረው ያስገድዳል። ሰውም ስለ እርሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅና የተሳሳተውን የማሳረም መብት አለው። አዋጁን የማስፈጸም ኃላፊነት የተሰጠው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

አስፈላጊነት

ግላዊነት የሰውን ክብር፣ ነፃ አስተሳሰብና መተማመንን ይጠብቃል። ሕመምተኛ ለሐኪሙ፣ ንስሐ ገቢ ለነፍስ አባቱ፣ ባለጉዳይ ለጠበቃው እውነቱን የሚናገረው ነገሩ እንደማይወጣ ሲያምን ነው። ግላዊነት እንግዳ ተቀባይነትንም አይቃረንም። የዶርዜ ቤት እንደሚያሳየው እንግዳን በደስታ መቀበል የሚቻለው ባለቤቱ እስከ የት እንደሚያስገባ ራሱ መወሰን ሲችል ነው።