ለረመዳን ገበያ ዘንቢላችንን እናንሣ

 

በረመዳን ወር ከዐስር ሶላት በኋላ የሰፈራችንን ገበያ ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ ነገር ይታዘባል። አባወራው ከሥራ ሲመለስ ተምር ይገዛል፤ በአንድ ፌስታል። ቲማቲም ይገዛል፤ በሌላ ፌስታል። ቃሪያው በትንሿ፣ ሎሚው በሌላዋ፣ ሳምቡሳው ደግሞ ዘይቱ እንዳያንጠባጥብ በድርብ ፌስታል ይቋጠራል። በመጨረሻም ሁሉንም የሚይዝ አንድ ትልቅ ፌስታል ይጨመራል። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ምግቡ ማዕድ ላይ ይቀርባል፤ ፌስታሉ ማድ ቤት ጥግ ይወረወራል።

ሒሳቡን እናስላው። አንድ ቤተሰብ በቀን አምስት ፌስታል ብቻ ወደ ቤቱ ቢያስገባ፣ ወሩ 30 ሲሞላ 150 ይሆናል። ሃያ ቤተሰብ በሚኖርበት አንድ መንደር 3,000 ይደርሳል። ይህ ሁሉ የሚያገለግለው ከገበያ እስከ ቤት ላለችው ለዚያች አጭር መንገድ ነው። ነፍሳችንን ከብክነት ልናቅብ በምንጾምበት ወር ይህ ሊያሳስበን ይገባል።

ስንቅና ከረጢት በታሪካችን

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ከአቡበክር (ረ.ዐ) ጋር ከመካ ወደ መዲና ሊሰደዱ በተነሱ ጊዜ ስንቃቸው ተዘጋጅቶ በቆዳ ስልቻ ተደረገ። ዐረቦች ይህን ስልቻ ጂራብ ይሉታል። ነገር ግን ማሰሪያው ታጣ። የአቡበክር ልጅ አስማእ (ረ.ዐ) የወገቧን መቀነት ቀደደችና የስልቻውን አፍ አሰረችበት። ከዚያ ወዲህ ዛቱ ኒጣቀይን፣ የሁለት መቀነቶች ባለቤት ተብላ ትጠራለች። እነሆ የአንዲት የስንቅ ከረጢት ማሰሪያ እስከ ዛሬ የሚነሳ ስም አተረፈች። በዘመኑ የስንቅ መያዣ ተይዞ የሚኖር፣ ሲቀደድ የሚጠገን ንብረት ነበር።

በሱረቱ ዩሱፍም የያዕቆብ ልጆች እህል ሊሸምቱ ወደ ምስር ሲሄዱ ዕቃ መጫኛቸውን ይዘው ነው። ገንዘባቸው ተመልሶ የተገኘው፣ የንጉሡ መስፈሪያም የወጣው ከዚያው ከጓዛቸው ውስጥ ነው። እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) ነቢዩ በቤታቸው ጫማቸውን ይጠግኑ፣ ልብሳቸውን ይሰፉ እንደነበር ነግራናለች። የአላህ መልእክተኛ የተቀደደውን ሰፍተው ከለበሱ፣ እኛ ከረጢት ሰፍተን ብንይዝ ምን ያሳፍረናል?

ሩቅ ሳንሄድ የራሳችንን ቤት እንይ። ወፍጮ ቤት ስንሄድ ማዳበሪያችንን ይዘን ነው፤ ባለወፍጮው መያዣ ይሰጠናል ብለን አንጠብቅም። ዘይት በጀሪካን እንቀዳለን። እንጀራ በአገልግል ተይዞ መንገድ ይኬድ ነበር። አያቶቻችን ገበያ ሲወጡ ከሰሌን የተሠራውን ዘንቢል በክንዳቸው አንጠልጥለው ነበር። ፌስታል ትናንት የመጣ እንግዳ ነው፤ ዘንቢል የቤት ልጅ ነው።

“ፌስታል ሐራም ነው ወይ?”

አንዲት እናት በመስጂዳችን ከደርስ በኋላ “ሼህ፣ ፌስታል መያዝ ሐራም ሆነ እንዴ?” ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነውና መልሱን እዚህም ላስፍር። የነገሮች ሁሉ መሠረት መፈቀድ ነው። ፌስታል በራሱ ነጃሳ ወይም ሐራም አይደለም። የሚጠየቀው አጠቃቀማችን ነው፤ በሁለት በኩል።

አንደኛው ኢስራፍ ነው። በሱረቱል አዕራፍ አንቀጽ 31 ላይ አላህ (ሱ.ወ) መብላትና መጠጣትን ፈቅዶልን ማባከንን ግን አብሮ ከልክሎናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውኃ፣ በሁለት እጅ እፍኝ ያህል ማለት ነው፣ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ተዘግቧል። በዒባዳ ላይ እንኳ እንዲህ ከተቆጠበ በሌላው ይብሳል።

ሁለተኛው ሌላውን መጉዳት ነው። ከመንገድ ላይ ጎጂ ነገርን ማስወገድ ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን ሁላችንም ከልጅነታችን ተምረናል። እንግዲያስ ጎጂውን በመንገድ ላይ መጣል ምን ይባላል? ከእጃችን የወጣ ፌስታል በነፋስ ተነስቶ ቱቦ ውስጥ ይገባል። ዝናብ ሲጥል ውኃው መሄጃ አጥቶ ከታች ባለው ጎረቤት በር ይገባል። በግና ላም የምግብ ሽታ ያለበትን ፌስታል ይበላሉ፤ በሆዳቸው አይፈጭም፣ አይወጣም፤ እየተጠቀለለ ምግባቸውን ዘግቶ ያከሳቸዋል፣ ይገድላቸዋል። እንስሳ መናገር ስለማይችል ሐቁ የሚጠፋ አይምሰለን።

የምንጥለው ነገር ከዓይናችን ይጠፋ ይሆናል እንጂ ከምድር አይጠፋም። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ የተከመረው ቆሻሻ ተንዶ ከ100 በላይ ወገኖቻችንን መቅጠፉን አንረሳም። ያ ክምር የአንድ ሰው አልነበረም፤ ከሁላችንም ቤት የወጣ ነበር። ቆሻሻችንን የምንቀንሰው የእነዚያን መሰል ጎረቤቶች ሐቅ በማሰብም ነው።

በአገራችን ሕግም ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሳሳና የማይበሰብስ ፌስታል ማምረትንና ማስገባትን ከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲስ አዋጅ ደግሞ ክልከላውን አጥብቆ ተጠቃሚውንም ጨምሯል። ሩዋንዳ በ2008፣ ኬንያ በ2017 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይህንኑ አድርገዋል። ለሕዝብ ጥቅም የወጣን፣ ከሸሪዓ ጋር የማይጋጭን ደንብ ማክበር በእኛም ዘንድ ግዴታ ነው። ሆኖም ሙእሚን ቅጣት ፈርቶ ብቻ አይታዘዝም፤ ኒያው ከተስተካከለ ዘንቢል ማንሳቱም አጅር ያስገኝለታል።

ለአንድ ቤት ስንት ይበቃል?

ብዙዎች ከረጢት ገዝተው የሚተዉት ሥርዓት ስላልያዙለት ነው። ከረጢቱ ቤት ተቀምጦ ሰውየው ገበያ መሃል ይቆማል። ለአንድ መካከለኛ ቤተሰብ የሚከተለው ይበቃል እላለሁ።

አንድ ጠንካራ ዘንቢል ለከባድ ነገር፦ ለድንች፣ ለሽንኩርት፣ ለካሮት። ሁለት የጨርቅ ከረጢት ለደረቅ ነገር፦ ለምስር፣ ለሩዝ፣ ለማካሮኒ፣ ለተምር። ሦስት ወይም አራት ትናንሽ የስስ ጨርቅ ከረጢቶች ለቲማቲም፣ ለቃሪያና ለሎሚ። ለሥጋ ክዳን ያለው የሚታጠብ ዕቃ፣ እሱንም የሚይዝ የራሱ ከረጢት። ለሳምቡሳና ለሾርባ ምሳ ዕቃ ወይም ክዳን ያለው ድስት፤ ትኩስና ቅባት ያለው ምግብ በስስ ፌስታል መቋጠር ለጤናም አይበጅም። በመጨረሻም ተጣጥፋ ኪስ ወይም የእጅ ቦርሳ ውስጥ የምትገባ አንዲት ቀላል ከረጢት፤ እሷ ያልታሰበ ግዢ ሲያጋጥም ታድናለች።

ለተራዊህ ስንሄድ ጫማችንን በፌስታል የምንይዝም ብዙ ነን። ለጫማ አንድ ጥቁር የጨርቅ ከረጢት ይለይለት። የጫማው ከረጢት በምንም ምክንያት ወደ ዳቦው ከረጢት አይቀላቀል፤ ስለዚህ በቀለም መለየቱ ይበጃል። ለልጆች እንኳ “አረንጓዴው የአትክልት፣ ቀዩ የሥጋ፣ ጥቁሩ የጫማ” ቢባሉ ወዲያው ይይዙታል።

ቦታው ከበር ኋላ አንድ ሚስማር ይሁን። ከገበያ የመጣው ዕቃ እንደተገለበጠ ከረጢቱ ይራገፋል፣ ይታጠፋል፣ ወደ ሚስማሩ ይመለሳል። ነገ እመልሰዋለሁ የተባለ ከረጢት በማግስቱ አይገኝም። መኪና ያለው ሁለቱን ከመኪናው ኋላ ያስቀምጥ። ከልጆች አንዱ የዘንቢል ኃላፊ ቢደረግ ደግሞ አባቱ ሲወጣ “አባዬ፣ ዘንቢሉ!” ብሎ ይጠራል። ልጅ በረመዳን የያዘው ልማድ አብሮት ያድጋል።

የሚገዛው ነገር ዝርዝር ከሱሑር በኋላ ይጻፍ። ያን ጊዜ ነፍስ ጠግባለች፣ የሚያስፈልገውን ብቻ ትጠይቃለች። ከዐስር በኋላ የተጻፈ ዝርዝርን ረሃብ ነው የሚጽፈው። ከነዝርዝሩ የተወሰነ ዘንቢል የያዘ ሰው ዘንቢሉ ሲሞላ ይመለሳል፤ ፌስታል የሚቀበል ግን ማቆሚያ የለውም።

አደራደሩም ወግ አለው። ድንችና ሽንኩርት ከታች፣ ቲማቲም ከላይ፣ ዕንቁላልና ዳቦ ከሁሉም በላይ። የዘይት ጠርሙስ ቆሞ ከዳር ይደገፍ። ሳሙናና በረኪና ከምግብ ጋር በአንድ ከረጢት አይግቡ።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ሚዛን። ቲማቲሙ ከነከረጢታችን አይመዘን፤ በሚዛኑ ሳህን ላይ ብቻውን ተመዝኖ ከዚያ ወደ ከረጢቱ ይገልበጥ። አለበለዚያ የጨርቁን ክብደት በቲማቲም ዋጋ እንከፍላለን፤ ነጋዴውም ሳያስበው የሰው ሐቅ ይነካል። ሱረቱል ሙጠፊፊን በሚዛን ለሚያጎድሉ ምን እንደተናገረ የሚያውቅ ነጋዴ በዚህ አይከፋም።

ንጽሕናና ጦሃራ

የሥጋ ከረጢት ነገር ብዙ ያስጠይቃል። በሸሪዓው መሠረት የታረደ እንስሳ ሥጋ ውስጥ የሚቀረው ደም የተማረ ነው፤ በእርድ ጊዜ የፈሰሰው ደም ግን ነጃሳ ነው። ከረጢቱን የነካው የትኛው እንደሆነ ካልተለየ በውኃ ማጠቡ ልብን ያሳርፋል። ከጦሃራው በላይ ደግሞ የጤናም ጉዳይ ነው፤ ጥሬ ሥጋ የነካ ከረጢት ሳይታጠብ ሰላጣና ዳቦ ሊያዝበት አይገባም። ሌሎቹንም ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ በሳሙና አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣት ያስፈልጋል። እርጥብ እያለ የታጠፈ ጨርቅ ይሻግታል።

መስፋት የሚችል ሰው መግዛት የለበትም። 1 ሜትር ርዝመትና 1 ሜትር ከ50 ወርድ ያለው ጨርቅ በወርዱ ሦስት ቦታ ቢከፈል፣ እያንዳንዱ ለሁለት ታጥፎ ሲሰፋ ሦስት ደህና ከረጢት ይወጣዋል። ማንጠልጠያው ከአሮጌ ልብስ ይቆረጣል። የዱቄት ማዳበሪያም ታጥቦ ጎኑ ሲሰፋ ለአትክልት ይሆናል። የጨርቅ ከረጢትም ቢሆን ሲሠራ ጥጥ፣ ውኃና ድካም ይፈጃል። ሃያ ከረጢት ገዝቶ የሚያከማች ሰው ከኢስራፍ አልወጣም፤ ዓይነቱን ለወጠ እንጂ። ቤት ውስጥ ያሉትን ፌስታሎችም ዛሬውኑ እንጣል አልልም፤ ንጹሖቹ እስኪያልቁ ለቤት ውስጥ ሥራ ያገልግሉ።

የነጋዴውና የልጆቹ ነገር

በገበያ መሃል ፌስታል እያዞሩ የሚሸጡ ልጆችና እናቶች አሉ። እንጀራቸው ነው። “ሕግ ወጣ፣ ዞር በሉ” ብለን ብንተዋቸው የአላህን ጥያቄ አናመልጥም። የየመስጂዱ ጀመዓ ከሰደቃው አንድ የልብስ ስፌት መኪናና ጥቂት ጣቃ ጨርቅ ቢያቀርብላቸው፣ ነገ በዚያው ቦታ የጨርቅ ከረጢት ይዘው ይቆማሉ። እኛም ከእነሱ እንግዛ፤ ጥቂት ብር ብትበልጥም አንከራከር።

ባለሱቆችም ለደንበኛ የሚውል ከረጢት በመያዣ ቢያውሱ መልካም ነው። የተዋሰ ሰው ግን ያስታውስ፤ ውሰት አማና ነው፣ ይመለሳል።

ወሩ ሲያልቅ ዘካተል ፊጥር ይመጣል። መጠኑ በነፍስ ወከፍ አንድ ሷዕ፣ አራት ሙድ ነው፤ እንደ እህሉ ዓይነት ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ ይገመታል። ስድስት ነፍስ ያለበት ቤት ከ15 እስከ 18 ኪሎ ያወጣል ማለት ነው። ይህን ከዒድ ሶላት በፊት ስናደርስ በተቀደደ ፌስታል አንቋጥረው። በተሰፋ ንጹሕ ከረጢት ብናደርገው ተቀባዩ እህሉን በልቶ ሲጨርስ ከረጢቱ ይቀርለታል፤ እሱም በተራው ገበያ ይወጣበታል። ከረጢቷ እስክታልቅ ለሰጪውም መልካም ሥራ ትሆናለች፣ ኢንሻአላህ።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፣ ሪዝቃችንን በበረካ ይሙላው፣ ከአባካኞችም አያድርገን። ዛሬ ከዐስር በኋላ ስንወጣ ከበር ኋላ ወዳለው ሚስማር ዞር ብለን እንይ። ወላሁ አዕለም።