ስካነሩ ሌባሻይ አይደለም

ድሮ ንብረት ሲሰረቅ ሌባሻይ ይጠራ ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ ይለቀቅና ራሱን ስቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ዕዳ ይከፍል ነበር። በአዲስ አበባ ብዙ ጋራዦች “ኮምፒውተር” የሚባለው ስካነር የሚያገለግለው እንደዚያ ልጅ ሆኖ ነው። መኪናው እየሄደ ይጠፋል፤ ስካነሩ ከመሪው ሥር ይሰካል፤ ፒ0352 የሚል ኮድ ይወጣል፤ ለካንዴላ እሳት በሚሰጠው በሁለተኛው ቦቢና ላይ ወዲያው ይፈረድበታል። ቦቢናው ተገዝቶ ይቀየራል። ከዚያ በጠዋት፣ ወደ ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ የሚያመላልሱ አውቶቡሶች መንገዱን በሞሉበት ሰዓት፣ መኪናው መሀል ላይ ደግሞ ይጠፋል። ማሽኑ አልዋሸም። መካኒኮቹ ያላለውን እንዳለ አድርገው ነው የሰሙት።

ኮዱ የሚለውን ለመረዳት ፊደልና ቁጥሩን መፍታት ይበቃል። ፒ ነገሩ የሞተርና የማርሽ መሆኑን ይናገራል። ተከታዩ 0 ኮዱ ለሁሉም አምራቾች የጋራ ነው ማለት ነው፤ 1 ከሆነ አምራቹ ለራሱ ያወጣው ነው። 3 ደግሞ የእሳት ክፍሉን ያመለክታል። ይህ ቋንቋ በአሜሪካ ከ1996 ሞዴል፣ በአውሮፓ ለቤንዚን መኪኖች ከ2001 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። ፒ0302 ሁለተኛው ሲሊንደር ሚስ እያደረገ ነው ይላል፤ ለምን እንደሆነ ግን አይናገርም፤ ካንዴላ፣ ቦቢና፣ ኢንጀክተር ወይም የኮምፕሬሽን ማነስ ሊሆን ይችላል። ፒ0352 ጠበብ ይላል፤ የሁለተኛው ቦቢና የኤሌክትሪክ መስመር ታውኳል ነው የሚለው። ልብ በሉ፣ “መስመር” ነው ያለው። በመስመሩ ላይ ቦቢናው አለ፣ ሶኬቱ አለ፣ ሽቦው አለ፣ ኔጋቲቩ ከቦዲው የሚያያዝበት ብሎን አለ፣ የመኪናው ኮምፒውተርም ራሱ አለ። በቦሌ ለሚ የልብስ ፋብሪካዎች የሚሠሩ ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ በስፌት መስመሩ ጫፍ ላይ የቆመው ተቆጣጣሪ የተጣመመ እጅጌ ሲያገኝ ጥፋቱ የመጨረሻዋ ሰፊ ላይሆን ይችላል፤ ጨርቁ ገና ሲቆረጥ ተጣሞ ይሆናል።

በከተማችን እንደ ልብ የሚታዩትን የቶዮታ ቪትዝና ያሪስ መኪኖች እንውሰድ። በ1.5 ሊትሩ ሞተር ላይ እያንዳንዱ ሲሊንደር የየራሱ ቦቢና አለው፤ በየቦቢናው ላይ አራት ሽቦ ይገባል። አንዱ ከባትሪ የሚመጣ 12 ቮልት ነው፤ አንዱ ኔጋቲቭ ነው፤ በሦስተኛው የመኪናው ኮምፒውተር “አሁን ተኩስ” ብሎ ያዝዛል፤ በአራተኛው ቦቢናው “ተኩሻለሁ” ብሎ ይመልሳል። መልሱ ካልመጣ ኮምፒውተሩ ኮድ ይመዘግባል፤ በቀድሞዎቹ ሞዴሎች ፒ1300 እና ተከታዮቹ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። በዚህ ብቻም አያበቃም። ያልነደደ ቤንዚን በጭስ ማውጫው ውስጥ ያለውን ማጣሪያ እንዳያቃጥል ነዳጁን ይቆርጣል። ስለዚህ ካንዴላው እሳት እየሰጠ፣ ቦቢናውም ደኅና ሆኖ፣ መልስ የሚያመላልሰው አንድ ቀጭን ሽቦ ስለተላጠ ብቻ ሞተር ሊጠፋ ይችላል። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ የመጣ መኪና ከሆነማ፣ የተቆረጠና የተቀጠለ ሽቦ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠረጠር ይገባዋል።

“ሽቦ ስፈልግ ከምውል ቦቢና ብቀይር ይቀላል” የሚለው መልስ ከንቱ አይደለም። የመካኒኩ ቀን ውድ ነው፤ ዕቃ ለመግዛት ሶማሌ ተራ ደርሶ መመለስም ከሽቦ ፍለጋ ያጥር ይሆናል። ነገር ግን ምንም ሳይገዛ በደቂቃዎች የሚሠራ ፈተና አለ፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቦቢና ማቀያየር። ኮዱ ከፒ0352 ወደ ፒ0353 ከተዛወረ ጥፋተኛው ቦቢናው ነው፤ ይገዛ። ኮዱ ባለበት ከቀረ ግን ቦቢናው ነፃ ነው፤ ፍለጋው ወደ ሶኬቱና ወደ ሽቦው ይሂድ። ሞተሩ እየሠራ ሽቦውን በእጅ ማወዛወዝና ቮልቱን በቴስተር መለካትም ብዙ ጊዜ አይወስድም። በጆሮዬ እለያለሁ የሚለው ነባር መካኒክ ደግሞ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗን ያስታውስ። አየሩ ስስ በሆነበት እሳቱ በካንዴላው ጫፎች መካከል ለመዝለል የሚፈልገው ቮልት ያንሳል፤ እዚህ ድምፁ ጤነኛ የሆነ ደካማ ቦቢና ጭነት ይዞ ወደ አዋሽ ሲወርድ ሊከዳ ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው ኮድ የሌለው መጥፋት ነው። የክራንክሻፍቱን መዞር የሚያነበው ሴንሰር ሲሞት ኮምፒውተሩ መቼ እሳት እንደሚሰጥ አያውቅም፤ ሞተሩ በቅጽበት ይጠፋል። አንዳንዱ ሴንሰር ሲሞቅ ብቻ ይከዳል፣ ሲበርድ ይነሣል፤ ጋራዥ እስኪደርስ መኪናው እንደ ድመት ጤነኛ ሆኖ ይገኛል፤ ፒ0335ም ሳይመዘገብ ይቀራል። “ኮድ የለም፣ ስለዚህ ችግር የለም” ማለት እዚህ ላይ ሌላ የሌባሻይ ፍርድ ነው። መፍትሔው መኪናው እንደጠፋ፣ ሳይበርድ፣ ሞተሪኖው ሲያዞር ስካነሩ ላይ የሚታየውን የዙር ቁጥር ማየት ነው። ሞተሩ እየዞረ ቁጥሩ ዜሮ ከሆነ ፍለጋው ወደ ሴንሰሩና ወደ ሽቦው ጠብቧል።

በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ ይህ ሁሉ ያለፈበት ወሬ ነው የሚል ይኖራል። ክልከላው በሩን እንጂ ጎዳናውን አልዘጋም፤ የገቡት ገና ብዙ ዓመት ይሄዳሉ። ኤሌክትሪኮቹም ቦቢና ባይኖራቸው ሕመማቸውን የሚናገሩት በኮድ ነው።

ስለዚህ መኪናችሁ እየጠፋ ካስቸገራችሁ፣ መካኒኩ ኮዱን ከማጥፋቱ በፊት በወረቀት ይጻፍላችሁ። ኮዱ ሲመዘገብ የመኪናው ኮምፒውተር አብሮ ያስቀመጠውን የሞተር ሙቀትና የዙር ቁጥርም አስጽፉ፤ ኮዱ ሲጠፋ እነዚህም አብረው ይጠፋሉ።