የዩኒቨርሲቲው ዕዳ በጀንፈል ሲመዘን

ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ሸቤ በርከት ያለ ገንዘብ የሚዘዋወረው በዓመት አንድ ጊዜ፣ በቡና ወራት ነው። የቆርቆሮው፣ የበሬው፣ የሠርጉና የብድሩ ወጪ ሁሉ ጀንፈሉ እስኪደርቅ ይጠብቃል። ልጅ ዩኒቨርሲቲ የመላክ ወጪም የሚወጣው ከዚሁ ጆንያ ነው።

ቀደም ሲል የመንግሥት ኮሌጅ የገባ ተማሪ ትምህርቱም፣ ምግቡም፣ መኝታውም በመንግሥት ይሸፈንለት ነበር። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351/1995 ግን «ወጪ መጋራት» የተባለውን አሠራር አመጣ። በደንቡ መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይሸፍናል። ጊዜው ለቡና አገር አልተመቸም። በ1994 ዓ.ም. አካባቢ የዓለም የቡና ዋጋ በፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወርዶ ነበርና ገበሬው ገና አላገገመም።

አሠራሩ ለነጋዴ እንግዳ አይደለም፤ ዱቤ ነው። ተማሪው ውል ይፈርማል። ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ ይቆረጣል፤ ዕዳው ከ15 ዓመት ባልበለጠ ጊዜ መዘጋት አለበት። መያዣው ዋናው ዲግሪ ነው፤ ዕዳው ሳይከፈል አይሰጥም።

ዱቤው ግን እየከበደ ነው። በ2017 ዓ.ም. የተማሪ የቀን ምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። ማዕዱ ቢሻሻል መልካም ነው። ሆኖም ምግቡ በሙሉ በተማሪው ስም ከተመዘገበ፣ በዓመት 300 ቀን ቢታሰብ 6,600 ብር የነበረው 30,000 ብር፣ በአራት ዓመት ደግሞ 120,000 ብር ይሆናል። በወር 10,000 ብር የሚያገኝ ተመራቂ 1,000 ብር ቢቆረጥበት የምግቡን ብቻ ከፍሎ ለመጨረስ አሥር ዓመት ይፈጅበታል።

ዱቤው የማይነካው ወጪም አለ። የመንገዱ፣ የልብሱ፣ የፎቶ ኮፒውና የኪሱ ገንዘብ ወዲያው በእጅ የሚከፈል ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የደረሰው ልጅ ለቤቱ ቅርብ ነው፤ ባሕር ዳር ወይም ሐረማያ የተመደበው ግን ገና በጉዞው ብዙ ያስወጣል። ጥሪው ቡናው ሳይለቀም ከመጣ፣ ጥሪት የሌለው ቤተሰብ ያለው አማራጭ መበደር፣ አለዚያም ያልደረሰውን ቡና ዋጋ ቆርጦ ለነጋዴ መስጠት ነው።

ኪሳራው የሚታወቀው ገበያው ሲወጣ ነው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. የኒውዮርክ የቡና ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር አልፎ ነበር። እንዲህ ባለ ዓመት ዋጋውን አስቀድሞ የቆረጠ ሰው ጭማሪውን በሌላው እጅ ያየዋል።

ዕዳው በልጁ ስም ይጻፍ እንጂ የመጀመሪያው ክፍያ የሚወጣው ከወላጅ ማሳ ነው። ከዘንድሮው ሽያጭ ጥቂቱን ለመጪው መስከረም ያስቀመጠ ቤተሰብ ልጁንም ይልካል፤ ቡናውንም በዋጋው ይሸጣል።