የጤና ማሻሻያ ሥር የሚሰደው መቼ ነው?

እናቶች በጤና ተቋም እንዲወልዱ አገራችን ብዙ ደክማለች። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ እ.ኤ.አ. በ2005 በጤና ተቋም የተካሄደው ወሊድ ከመቶ 5 ብቻ ነበር። በ2011 ወደ 10፣ በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ወደ 48 ከፍ አለ። ግን ለውጡ በየቦታው እኩል አልሄደም። አንዱ ጤና ጣቢያ እንደደመቀ ይዘልቃል፤ ሌላው ጥቂት ወር ሞቅ ብሎ ይቀዘቅዛል። ምክንያቱን ለማወቅ ከሚረዱት መንገዶች አንዱ የሥርዓት ትንተና ነው።

ምን ማለት ነው?

አንድን ነገር ነጥሎ ሳይሆን ከሚነካካው ሁሉ ጋር አያይዞ ማጥናት ማለት ነው። ከመንገዶቹ አንዱን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የጀመረው አሜሪካዊው ጄይ ፎረስተር ነው፤ መጀመሪያ የመረመረበትም የፋብሪካ ሥራ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው ሪፖርት ይህ አስተሳሰብ ለጤና ሥራም እንዲውል መክሯል።

እንዴት ይሠራል?

በመንዝ፣ ሞላሌ አካባቢ ያለ አንድ ጤና ጣቢያን በሐሳባችን እንያዝ። ከሩቅ ቀበሌ አንዲት እናት ምጥ ይዟት መጣች። በዚያ ብርድ ሞቅ ያለ ክፍል አገኘች፤ አዋላጇ በደግ ቃል ተቀበለቻት፤ ከወለደች በኋላ ገንፎው ተገንፍቶ ቡናው ተፈላ። አገሯ ስትመለስ ለጎረቤት አወራች። በሚቀጥለው ወር ሌሎች መጡ። ይህ አጠናካሪ ዑደት ይባላል፤ ጥሩ ሥራ ሰው ያመጣል፣ የመጣውም ሌላ ሰው ይጠራል።

አሁን ሌላውን ወገን እንይ። እናቶቹ በዙ፤ አዋላጆቹ ግን ያው ናቸው። አልጋ ሞላ፣ ጓንት አለቀ፣ ሌሊቱን ስትሠራ ያደረችው አዋላጅ ፊቷ ጠቆረ። ተንገላታ የተመለሰችውም እናት ታወራለች። የሚመጣው ሰው ይቀንሳል። ይህ ገቺ ዑደት ነው። ያቀዘቀዘው ራሱ የሥራው መሳካት መሆኑን ልብ ይበሉ።

ሦስተኛው ነገር መዘግየት ነው። ወሬ በአንድ የገበያ ቀን ወረዳውን ያዳርሳል። ተጨማሪ አዋላጅ ለመቅጠር ግን በጀት ይጠበቃል፤ የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ጥያቄው ጥቅምት ላይ ከተነሣ፣ እስከ ሐምሌ ድረስ የጤና ጣቢያው ስም ሊጠፋ ይችላል።

ትንተናውን ማን ይሠራዋል?

አዋላጇ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ የአምቡላንስ ሾፌሩ፣ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሰውና እናቶች አንድ ላይ ይቀመጣሉ። በትልቅ ወረቀት ላይ ነገሮቹን ጽፈው በቀስት ያያይዟቸዋል። አንዱ ሲጨምር ሌላውም የሚጨምር ከሆነ የመደመር ምልክት፣ የሚቀንስ ከሆነ የመቀነስ ምልክት ያደርጋሉ። ቀስቱ ዞሮ ወደ ተነሣበት ሲመለስ ዑደት ተገኘ ማለት ነው።

ሥዕሉ የተሳሳተ ቢሆንስ?

ሥዕሉ ለጊዜው የተሰብሳቢዎቹ ግምት ነው። ስለዚህ ከመዝገብ ጋር ይመሳከራል፦ በየወሩ ስንት ወለዱ? አምቡላንሱ ስንት ጊዜ ወጣ? ቢን ካርዱ፣ ማለትም የዕቃ መቆጣጠሪያው ካርድ፣ ጓንት መቼ አለቀ ይላል? ካልገጠመ ሥዕሉ ይታረማል። ቤታቸው የወለዱ እናቶችም የግድ መጠራት አለባቸው። እነሱ ከሌሉ ያልመጡበት ምክንያት ከሥዕሉ ይጎድላል።

ምን ያህል ያስወጣል?

ወረቀቱና ማርከሩ ብዙ አያስወጣም። ቁጥሩን በኮምፒውተር ማስላት ለሚፈልግ፣ ቬንሲም የተባለው ፕሮግራም ለትምህርት የሚሆን ነፃ ቅጂ አለው። ውዱ የሰው ጊዜ ነው። አዋላጇ ከማዋለጃ ክፍል ስትወጣ ተተኪ ያስፈልጋል፤ ከሩቅ ለሚመጡት ደግሞ የትራንስፖርትና የምግብ ወጪ መታሰብ አለበት።

ታዲያ ምን ይጠቅማል?

የሥራውን ቅደም ተከተል ያሳያል። እናቶችን የመቀስቀስ ዘመቻ ከመጀመሩ በፊት “የመጡት እጥፍ ቢሆኑ ማን ያዋልዳቸዋል?” ተብሎ ይጠየቃል። ጓንቱ አስቀድሞ ይከማቻል፤ የአዳር ተራው ይደለደላል፤ የሩቅ እናቶች በክረምቱ ጭቃ እንዳይቸገሩ፣ ቀናቸው ሲቃረብ የሚያርፉበት የእናቶች ማቆያ ይዘጋጃል። የቅጥሩ ጥያቄም በጀት ከመታቀዱ በፊት ይቀርባል። እርስዎም በቀበሌ ስብሰባ ላይ አዲስ አገልግሎት ሲታወጅ ከሰሙ፣ “የመጡት እጥፍ ቢሆኑስ?” ብለው ይጠይቁ።