በሆቴል ለሚያርፍና እንግዳ ለሚያሳርፍ ነጋዴ የሚያስፈልጉ ቃላት

የኢሉባቦር ንግድ ከውጭ አገር ሰው ጋር የተዋወቀው ዛሬ አይደለም። ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ከተፈቀደ በኋላ፣ የጎሬ ቡና በጋምቤላ በኩል በመርከብ ወደ ካርቱም ይወርድ ነበር። የያዩ የቡና ደንም በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። ቡናውን በበቀለበት ስፍራ ለማየት የሚመጣ ገዥ የሚያድረው በመቱ ወይም በአካባቢው ከተሞች ሆቴል ነው። ላኪው ደግሞ በበኩሉ ወደ ውጭ ሲሄድ እንግዳ ይሆናል። ኮሎምቢያ፣ ሆንዱራስ፣ ጓቲማላ፣ ፔሩና ሜክሲኮ ሁሉም ቡና አምራቾች ሲሆኑ ቋንቋቸው እስፓኝኛ ስለ ሆነ፣ ከእንግሊዝኛው ጋር ጥቂት የእስፓኝኛ ቃላት ማወቅ ለነጋዴ ይጠቅማል።

ለሆቴል ጉዳይ የሚያስፈልገው ቃል ብዙ አይደለም። ከዚህ በታች በመጀመሪያ እንግሊዝኛው፣ ቀጥሎ እስፓኝኛው ተጽፏል።

አልጋ አስይዣለሁ፦ «አይ ሀቭ ኤ ሪዘርቬሽን»፤ «ቴንጎ ኡና ሬሴርባ»።

የአንድ አዳር ዋጋ ስንት ነው? «ሀው መች ኢዝ ኢት ፐር ናይት?»፤ «ኳንቶ ኩዌስታ ፖር ኖቼ?»።

ቁርስ በዋጋው ውስጥ ተቆጥሯል? «ኢዝ ብሬክፈስት ኢንክሉድድ?»፤ «ኤል ዴሳዩኖ ኤስታ ኢንክሉኢዶ?»።

ክፍሉን በስንት ሰዓት መልቀቅ ይገባል? «ዋት ታይም ኢዝ ቼክ አውት?»፤ «ኣ ኬ ኦራ ኣይ ኬ ዴኻር ላ ኣቢታስዮን?»።

ሂሳቤን ይስጡኝ፦ «ማይ ቢል፣ ፕሊዝ»፤ «ላ ኩዌንታ፣ ፖር ፋቦር»።

ደረሰኝ እፈልጋለሁ፦ «አይ ኒድ ኤ ሪሲት»፤ «ኔሴሲቶ ኡን ሬሲቦ»።

ሻንጣዬን እዚህ ላቆይ? «ሜይ አይ ሊቭ ማይ ላጌጅ ሂር?»፤ «ፑዌዶ ዴኻር ሚ ኤኪፓኼ ኣኪ?»።

ባለ ሆቴሉ በበኩሉ ፓስፖርት ለመጠየቅ «ዩር ፓስፖርት፣ ፕሊዝ» ወይም «ሱ ፓሳፖርቴ፣ ፖር ፋቦር»፣ ለማስፈረም «ሳይን ሂር፣ ፕሊዝ» ወይም «ፊርሜ ኣኪ፣ ፖር ፋቦር» ቢል ይበቃዋል።

ይሁን እንጂ ነጋዴውን ለኪሳራ የሚዳርገው ከቃሉ ይልቅ የሰዓቱ አቆጣጠር ነው። በእኛ አገር የቀን ሰዓት የሚቆጠረው ከንጋት ሲሆን የውጭ አገሩ ግን ከእኩለ ሌሊትና ከእኩለ ቀን ስለሚጀምር፣ በሁለቱ መካከል የ6 ሰዓት ልዩነት አለ። ገዥው መቱ አድሮ «ነገ በሲክስ እነሣለሁ» ቢል፣ እርሱ የሚያስበው ማለዳ 12 ሰዓትን ነው። ባለ ሆቴሉ ቀን 6 ሰዓት መስሎት መኪናውን ለዚያ ቢያዝዝ፣ እንግዳው በደጃፍ ቆሞ ይቀራል፤ የአውሮፕላን ጉዞውም ሊያመልጠው ይችላል። የእኛ ላኪ ደግሞ ቦጎታ ሄዶ ክፍሉን «ኣ ላስ ዶሴ» እንዲለቅ ቢነገረው፣ ይህ 12 ማለት ቀን 6 ሰዓት ነው። የማታው 12 መስሎት ከቆየ ተጨማሪ ሂሳብ ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ ሰምቶ ዝም ማለት አይገባም፤ ማለዳ ከሆነ «ኢን ዘ ሞርኒንግ» ወይም «ዴ ላ ማኛና»፣ እኩለ ቀን ከሆነ «ኑን» ወይም «ሜዲዮዲያ» ብሎ ማረጋገጥ ያሻል። «ማኛና» የሚለው ቃል ብቻውን ሲነገር ነገ ማለትም ስለሚሆን፣ ነገ ጠዋት ለማለት «ማኛና ፖር ላ ማኛና» ይባላል።

ቀኑም እንዲሁ ነው። መስከረም 1 ቀን በውጭው አቆጣጠር ሴፕቴምበር 11፣ አንዳንድ ዓመት 12 ላይ ይውላል። በተጨማሪም አሜሪካኖች ወሩን ከቀኑ አስቀድመው ስለሚጽፉ፣ በቁጥር ብቻ የተጻፈ ቀን ያሳስታል። አልጋ በደብዳቤ ሲያዝ የወሩን ስም በፊደል መጻፍ ይሻላል።

በመጨረሻም ሂሳብ ሲዘጋ የአዳሩን ቁጥር ከደረሰኙ ጋር አስተያይቶ መቀበል የነጋዴ ልማድ ሊሆን ይገባል፤ የጉዞ ወጪ በመዝገብ የሚገባው በደረሰኝ ነውና። ባለ ሆቴልም የመልቀቂያውን ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር ጽፎ በግድግዳው ላይ ቢሰቅል፣ ወጪው አንድ ወረቀት፣ ትርፉ ግን ተመልሶ የሚመጣ እንግዳ ነው።