የበሰለ ቀለም

ልጁ የቦክሰር ሞተር ሳይክሉን ታንክ በፌስታል ጠቅልሎ መጣ። የምሠራው ሐዋሳ፣ ግቢያችን ጥግ ላይ በቆርቆሮ በተከለለች ሦስት በአራት ክፍል ውስጥ ነው። ማስታወቂያ የለኝም፤ የሚመጣውም ሰው ለሰው ተነጋግሮ ነው። ፌስታሉን ሲፈታው ታንኩ ደማቅ ሰማያዊ ሆኗል፤ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። የክዳኑ ዙሪያ ግን ተሸብሽቦ ወተት ላይ እንደሚሰፍር ቆዳ ተኮማትሯል። ከዚያም በግራ በኩል፣ ጉልበት በሚነካው ቦታ ላይ፣ ሁለት ጣት የሚያህል ሰማያዊ እንባ ወርዶ ቆሟል። ማደያ ላይ ቤንዚን ፈስሶበት ነው።

«ከተቀባ እኮ ሁለት ሳምንት ሆኖታል፤ ደርቆ ነበር ጋሼ» አለኝ።

«ደርቆ ነበር» የሚሉትን ነገር ስሰማ ደሜ ይፈላል። ልጁ ላይ ግን አልተቆጣሁም፤ የቀባለትም ሰው ያው እንደሱ አምኖ ነው።

ሰው መኪና ቀቢን ያከብራል፤ ሞተር ሳይክል ለሚቀባ ግን «አንዲት ጣሳ ስፕሬይ ገዝተህ እፍ እፍ አድርግበት» ይለዋል። የሞተር ታንክ ግን ከመኪና ኮፈን የባሰ ኑሮ ነው የሚኖረው። ቤንዚን ይንጠባጠብበታል፣ ሱሪ ቀኑን ሙሉ ይፈትገዋል፣ ከሥሩ ሲሊንደሩ ያግለዋል፣ ከላይ ፀሐይ ይጠብሰዋል። በዚያ ላይ ባለቤቱ አፍንጫው ሥር አድርጎት ውሎ ያድራል። መኪና ጣሪያ ላይ ማንም የማያያት ጉድፍ ታንክ ላይ ስትሆን እንደ ፊት ጠባሳ ናት።

የሥራው ቅደም ተከተል የታወቀ ነው። ይፈታል፣ ይታጠባል፣ ይፈተጋል፣ ስቱኮ ይደረጋል፣ ፕራይመር፣ ቀለም፣ ክሊር። ብርጭቆ ወረቀቱ ከ80 ተነስቶ በ180 እና በ320 አልፎ 600 ላይ ይለዝባል። ይህን ማንም ጋራዥ አንድ ወር የቆየ ልጅ ያስተምራችኋል።

ማንም የማያስተምራችሁ ግን ቀለም «ደረቀ» ሲባል ምን እንደሆነ ነው።

አብዛኛው የጣሳ ስፕሬይ፣ ናይትሮውም ጭምር፣ ሙጫና ቀለም በቲነር የሟሙበት ፈሳሽ ነው። ቲነሩ ይተናል፣ ሙጫው ይቀራል፤ መድረቅ ማለት ይኸው ነው። ነገሩ ግድግዳ ላይ እንደተመረገ ጭቃ ነው። ፀሐይ ሲመታው ይጠነክራል፣ ቢያንኳኩት ይጮኻል፤ ውኃ ሲያገኘው ግን ተመልሶ ጭቃ ነው። ከውስጡ ውኃው ወጣ እንጂ ጭቃው ራሱ አልተለወጠማ። የልጁ ሰማያዊም ሁለት ሳምንት አይደለም ሁለት ዓመት ቢቆይ ቤንዚን ሲያገኘው ያው ነው።

ጀበናስ? ጀበናም ጭቃ ነበር። እሳት ከገባ በኋላ ግን ውስጡ ሌላ ሆኗል፤ ዕድሜውን ሙሉ ውኃ ቢፈላበት ወደ ጭቃነቱ አይመለስም። ክሊር፣ ያ ከላይ የሚረጨው ግልጽ ሽፋን፣ ሃርድነር ከሚባለው ማጠንከሪያ ጋር ሲደባለቅ ያለ እሳት የሚሆነው ይህ ነው። ለየብቻ ይዋኙ የነበሩት የሙጫው ክሮች ከሃርድነሩ ጋር እየተቋጠሩ መረብ ይሆናሉ። ቲነር ክርን ከክር ይለያል፤ መረቡን ግን ቢያሳብጠው እንጂ አይፈታውም። ስለዚህ እኔ ይህን ቀለም ደረቀ አልለውም፤ በሰለ ነው የምለው። ጓደኞቼ ይስቁብኛል።

ልጁ ያመጣው ታንክ ራሱ ምስክር ሆነኝ። ጨርቅ በቲነር አርሼ ስወለውለው ሰማያዊው በሁለት ደቂቃ ውስጥ እንደ ቅባት ወጣ። ከሥሩ አንድ ቀደም ያለ ባለቤት የረጨው ጥቁር ነበር፤ እሱም ጨርቁ ላይ ቀረ። ከዚያ የፋብሪካው ቀይ ላይ ስደርስ ጨርቁ ቆመ። ብፈትገው ብፈትገው ያብለጨልጫል እንጂ አይነካም። ፋብሪካ ውስጥ በምድጃ በስሎ የወጣ ነዋ! ጫፉን በ320 ወረቀት በቀስታ ስስለው ደግሞ ቀይ፣ ከዚያ ግራጫ ፕራይመር፣ ከዚያ የሚያበራ ብረት እያለ እንደ ተቆረጠ ሽንኩርት ቀለበት በቀለበት ሆኖ ታየኝ። ልጁን ጠርቼ አሳየሁት። እሱ ግን ስልኩን እያየ ነበር።

ይህ የመድረቅና የመብሰል ነገር ታሪክም አለው። የመጀመሪያዎቹ መኪኖች የሚቀቡት በዘይት በተሠራ ቀለም ነበር፤ አንዷ ተቀብታ እስክትወጣ ሳምንታት ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ1923 ጀነራል ሞተርስ ኦክላንድ የተባለችውን መኪናውን ዱፖንት በሠራው ዱኮ በተባለ የናይትሮ ቀለም ሲቀባ ሳምንታቱ ወደ ሰዓታት ወረዱ። የሚገርመው ያ ዘገምተኛው የዘይት ቀለም በራሱ መንገድ የሚበስል ነበር። እኛ ለገንፎና ለመጠጥ የምናውቀው ተልባ ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ ብሎ ይተሳሰራል። ዱኮ ግን ይደርቃል። ፈጣንና ብስል የሆነው የመጣው በኋላ ነው፤ መነሻው ኦቶ ባየር እ.ኤ.አ. በ1937 ጀርመን ሌቨርኩዘን ላይ የደረሰበት የፖሊዩሬቴን ኬሚስትሪ ነው። ዛሬ ሶፋ ውስጥ ያለው ስፖንጅና ታንክ ላይ ያለው ክሊር ከዚያ አንድ ቤት የወጡ ዘመዳሞች ናቸው።

የክሊሩና የሃርድነሩ ልክ ጣሳው ላይ ተጽፏል፤ ብዙ ጊዜ ሁለት እጅ ክሊር ለአንድ እጅ ሃርድነር፣ አንዳንዱ አራት ለአንድ ነው። እባካችሁ በዓይን አትገምቱ፣ የወጥ ጨው አይደለም። «ቶሎ እንዲይዝ» ብሎ ሃርድነር ጨምሮ የሚያፈስ ባለሙያ አይቻለሁ። ሲበዛ ቀለሙ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ሲያንስ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ለስላሳ ሆኖ የጥፍር ምልክት እየያዘ ይኖራል። እኔ ልኬት ያለው የፕላስቲክ ኩባያ ነው የምጠቀመው። አንዴ ከተደባለቀ ደግሞ ኩባያው ውስጥም ሥራውን ይጀምራል፤ ስልክ መጣ ተብሎ የሚተው አይደለም።

አሁን የምናገረውን ግን በጥሞና ስሙኝ። ሃርድነሩ ውስጥ ያለው አይሶሳያኔት የሚባል ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1984 ሕንድ ቦፓል ላይ ከፋብሪካ አምልጦ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን የፈጀው ጋዝ የዚሁ ዘር ነው። የቀለሙ እንደዚያ በቀላሉ አይተንም፤ ስንረጨው ግን ራሳችን ጉም አድርገን ወደ ሳንባችን እናስገባዋለን። አንዴ ሰውነት ከተቆጣበት በኋላ ትንሿም ደረት ታፍናለች፤ የቀቢዎች አስም የሚሉት ይህን ነው። አፍንጫችሁን የሚመታው ሽታ የቲነሩ ነው። አይሶሳያኔቱ ግን ሸትቶ አያስጠነቅቅም፤ «አልሸተተኝም» ብሎ መጽናናት የለም። አፍ ላይ ሻርፕ መጠምጠም ወይም የሐኪም ማስክ ማድረግ ራስን ማታለል ነው። እኔም አታልያለሁ። አንድ ክረምት በር ዘግቼ ሦስት ታንክ ክሊር ረጨሁና ሌሊቱን ደረቴ ሲያፏጭ አደረ። ከዚያ ወዲህ ማጠቡን፣ መፈተጉን፣ ፕራይመሩንና ቀለሙን እቤቴ እሠራለሁ። ክሊሩን ግን ንጹሕ አየር በቱቦ የሚመጣለት ጭንብል ያለው ጋራዥ ወስጄ ነው የምረጨው። ከታች ቁልፏ ሲጫን ውስጧ ያለውን ሃርድነር የምትለቅ የስፕሬይ ጣሳም አለች፤ ቀለሟ ይበስላል፣ ጉሟ ግን ያው ጉም ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ከእናቴ ጋር የሚያጣላኝ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩን ከፍቼ ቀለም ስረጭ እማዬ በረንዳው ላይ ከሰል አቀጣጥላ ጀበናውን ጥዳለች። የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል። ወደ ላይ አይሄድም፤ እንደ ውኃ ወለሉን ይዞ ይሳባል፣ እሳት ፍለጋ እስከ በረንዳ ይደርሳል። መርጫውን ጥዬ ሮጥኩና ማንደጃውን ከነጀበናው አንስቼ አጥሩ ጋ አደረስኩት።

«ቡናዬን ወዴት ነው የምትወስደው? ምን ሆነሃል አንተ ልጅ!»

ከዚያ በኋላ ተስማማን። ጠዋት የእኔ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የቡናው። ለቀለሙም የተሻለ ሆነለት። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ አቧራ ይዞ ይመጣልና። ክረምት ላይ ግን ጠዋቱም አይታመንም። ቲነሩ ሲተን ብረቱን ያቀዘቅዘዋል፣ እርጥቡ አየር ላዩ ላይ ጤዛ ይሆናል፣ ጥቁሩ ቀለምም ጉም እንደለበሰ ነጭ ይላል። ሰው ይህን አይቶ «ቀለሙ ፎርጅድ ነው» ይላል። ቀለሙ ምን አደረገ?

ባዶ ታንክም «ባዶ ነው» ተብሎ አይናቅም። ሙሉው ታንክ ለቤንዚኑ ትነት ቦታ የለውም፤ ባዶው ግን ትነትና አየር ተቀላቅለው እሳት የሚጠብቁበት ሣጥን ነው። በሳሙናና በብዙ ውኃ ሳይታጠብ፣ ቀናት ሳይናፈስ፣ ወፍጮም ብየዳም አላስጠጋበትም።

ስለ ጎን ፕላስቲኮችና ስለ ፓራፋንጎ አንድ ነገር ልበል። ቀለሙ በቁራጭ በቁራጭ እየተገሸለጠ የሚወርድ ፕላስቲክ ካያችሁ ዘሩ ሳይጠየቅ ተቀብቶ ነው። ጀርባውን ገልብጡት፤ ብዙ ጊዜ ፒፒ ወይም ኤቢኤስ የሚል የላቲን ፊደል ታትሞበታል። ፊደሉ ከጠፋ ከዚያው ፕላስቲክ ትንሽ ፍርፋሪ ቆርጣችሁ ባልዲ ውኃ ውስጥ ጣሉት። ፒፒ ይንሳፈፋል፣ ኤቢኤስ ይሰምጣል። የሰመጠው በደንብ ከታጠበና ከተፈተገ ቀለም ይይዛል። የተንሳፈፈው ግን በተፈጥሮው ምንም የማይጣበቅበት ነው፤ ለእሱ ተብሎ የተሠራ የፕላስቲክ ፕራይመር ካልቀደመ ድካማችሁን ነፋስ ይወስደዋል።

ካንዲ የሚባለውን ቀለም ሁሉም ይጠይቀኛል። ከሥር ብርማ ይረጫል፣ ከላይ እንደ ባለ ቀለም መስታወት የሚያሳልፍ ሽፋን ይደራረብበታል። ብርሃኑ ገብቶ ብርማው ላይ ነጥሮ ይመለሳል፣ ውበቱም እዚያ ነው። እያንዳንዱ ዙር ያጠቁረዋልና ታንኩንና የጎን ፕላስቲኮቹን አንድ ገመድ ላይ ሰቅዬ እኩል ዙር ነው የምረጫቸው። ታንኩን ዛሬ፣ ጎኑን ነገ ያለ ሰው ሁለት ሞተር ነው የሚነዳው።

እግረ መንገዴን፣ እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣውን ኢዚ ራይደር የተባለ ፊልም ያየ ሰው የአሜሪካ ባንዲራ የተቀባባትን ታንክ አይረሳትም። እነዚያን ሞተሮች የሠሯቸው ቤን ሃርዲና ክሊፍ ቮስ የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፤ ስማቸው ግን ለብዙ ዓመታት ሳይነሳ ቀርቷል።

ቀለሙን ስትቀይሩ ሊብሬው ላይ የተጻፈውንም አስቀይሩ። ትራፊክ አስቁሞ «ቀዩ ሞተር የታለ?» ሲላችሁ እኔን አትጥሩኝ።

ልጁ በዘጠነኛው ቀን ተመልሶ መጣ። ያንኑ ሰማያዊ ነው የቀባሁለት፤ በዚህኛው ላይ ግን ባለ ሃርድነሩ ክሊር አለበት። ታንኩን ገልብጬ፣ ከሥሩ በማይታየው ቦታ ላይ፣ ቤንዚን የጠጣ ጥጥ አስቀመጥኩና አብረን ተቀመጥን። የቡናው አቦል ደርሶ ስለነበር እማዬ ለሁለታችንም አቀበለችን። ሲኒያችንን ስንጨርስ ጥጡን አነሳሁት። እንደ ነጨሁት ነጭ ነው።

ልጁ ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነካ ነካ አደረገው።

«አሁን ደረቀ ማለት ነው ጋሼ?»

«በሰለ» አልኩት።

«እሺ፣ በሰለ» አለና ታንኩን ያችኑ ፌስታል ውስጥ ከተተው።