ጾመኛ መንገደኛ በጄኖቫ ወደብ

በኢጣልያ ሰሜን ምዕራብ፥ ተራራውና ባሕሩ ተገፋፍተው ለሰው መኖሪያ ጥቂት መሬት ብቻ በተዉበት ጠባብ ዳርቻ ላይ፥ ጄኖቫ የምትባል ጥንታዊት የወደብ ከተማ ትገኛለች። የአሮጌው ከተማ መንገዶች እጅግ ጠባቦች ስለ ሆኑ ልያት የሚል እንግዳ ሁሉ ከመኪና መውረድ ግድ ይሆንበታል። ከዚህም የተነሣ በዚያ አንድ ልማድ ተስፋፍቷል፤ ይኸውም ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው፥ የከተማውን ታሪክ የሚያውቅ መሪ ይዘው፥ ሦስት ሰዓት ያህል በእግር እየዞሩ በየደጃፉ ከአገሩ ምግብ ጥቂት ጥቂት የሚቀምሱበት ጉዞ ነው። መሪው ስለ ሕንፃው ይናገራል፤ ጋጋሪው ስለ እንጀራው ይናገራል፤ እንግዳውም በጆሮውና በአፉ ይማራል።

ለኦርቶዶክሳዊ ቤተሰብ ግን እንዲህ ያለው ጉዞ አንድ ጥያቄ ያስነሣበታል። በአውሮፓና በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆቻቸውን ይዘው ለመጓዝ የሚመቻቸው ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ወራት ነው፤ ያም ወራት ጾመ ፍልሰታ የሚውልበት ነው። ልጅን ሦስት ሰዓት ሙሉ ከምግብ ቤት ወደ ምግብ ቤት እየመሩ «ይህን አትንካ፥ ያንን አትቅመስ» ማለት ለወላጅም ለልጅም መከራ ነው። ሆኖም ጄኖቫ በዚህ ረገድ ከብዙ ከተሞች የተለየች ናት፤ ድኻውና መርከበኛው ያቆዩላት ምግብ አብዛኛው ከእህል፥ ከአትክልትና ከዘይት የተሠራ ነውና። ከዚህም በላይ ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ መሪው ሳያነሣው የሚያልፈው ሌላ ነገር በዚያ አለ። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ጉዞው ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከወደቡ አፍ ላይ፥ ከሳን ጆርጆ ቤተ መንግሥት ፊት ነው። ሕንፃው በ1260 የተሠራ ሲሆን ባሕሩን በሚያየው ግድግዳው ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ በቀለም ተሥሎበታል፤ ከእኛ አገር የመጣ ሕፃን ከሩቅ አይቶ የሚያውቀው ሥዕል ነው። የጄኖቫ ሰዎች በዚሁ በሰማዕቱ ስም በ1407 ባንክ አቋቋሙ። ይህም በአውሮፓ ከተቋቋሙት ቀደምት ባንኮች አንዱ ሲሆን እስከ 1805 ድረስ ቈይቶ ለነገሥታት ገንዘብ ያበድር ነበር። ከዚያ በፊትም ሕንፃው እስር ቤት ሆኖ ነበርና፥ ቬኒስያዊው ማርኮ ፖሎ በጦርነት ተማርኮ በ1298 ገደማ የጉዞውን ታሪክ ለፒሳዊው ለሩስቲኬሎ ነግሮ ያስጻፈው በዚህ ነው ይባላል።

በዚያው አጠገብ፥ ካሪካሜንቶ በሚባለው አደባባይ፥ የአንድ ሰው ሐውልት ቆሟል፤ ራፋኤሌ ሩባቲኖ ይባላል። መሪው ስለ እርሱ ቢናገር የሚናገረው በ1860 ጋሪባልዲ ሺህ ዘማቾቹን ይዞ ወደ ሲሲልያ የተሻገረባቸው ሁለት መርከቦች የእርሱ ኩባንያ ንብረት እንደ ነበሩ ነው። ለኢጣልያውያን ይህ ታላቅ ነገር ነው። እኛ ግን ይህን ስም የምናውቀው በሌላ በኩል ነው። በኅዳር ወር 1869፥ የስዌዝ ቦይ ሊመረቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፥ ጁሴፔ ሳፔቶ የተባለው የቀድሞ ሚስዮናዊ ከአካባቢው ሱልጣኖች ጋር ውል ተዋውሎ በአሰብ የባሕር ዳርቻ መሬት ገዛ፤ በገዢነት ስሙ የቀረበው የጄኖቫው የሩባቲኖ የመርከብ ኩባንያ ነበር። ለመርከቦች የድንጋይ ከሰል ማከማቻ ነው ተባለ። በ1882 ግን የኢጣልያ መንግሥት ያንን መሬት ከኩባንያው ተረክቦ ቅኝ ግዛት አደረገው፤ በ1885 ምጽዋ ተያዘች፤ የቀረውን እስከ ዐድዋ ድረስ አንባቢ ያውቀዋል። እንግዲህ ልጆቻችሁን ይዛችሁ በዚያ አደባባይ ብትቆሙ ሐውልቱን ዝም ብላችሁ አትለፉት። አንድ የነጋዴ ውል ምን ሊያስከትል እንደሚችል ከመጽሐፍ ይልቅ በዚያ ቆሞ ማስረዳት ይቀላል።

ከአደባባዩ ጥቂት ርምጃ ወረድ ሲሉ ሶቶሪፓ የሚባለው ቅስት ያለው መተላለፊያ አለ፤ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በወደቡ ፊት የተዘረጋ የገበያ ስፍራ ነው። በጠባብ ሱቆች ውስጥ ዓሣው፥ አትክልቱና ሊጡ በዘይት ሲጠበስ ሽታው ከሩቅ ይጠራል። በዚህና ወደ ውስጥ ባሉት መንገዶች በእንጨት እሳት የሚጋገረው ፋሪናታ ይገኛል። ይህን ምግብ ከሌላው ሁሉ አስቀድሜ የማነሣው በምክንያት ነው፤ ፋሪናታ የሽምብራ ዱቄት፥ ውሃ፥ የወይራ ዘይትና ጨው ብቻ ነውና። ዱቄቱ በውሃ ተበጥብጦ ለጥቂት ሰዓታት ይቀመጣል፤ አረፋው ይገፈፋል፤ ከዚያም ሰፊ በሆነ ክብ የመዳብ ትሪ ላይ በዘይት ተደርጎ በስሱ ይፈስስና ወደ ምድጃ ይገባል። ላዩ ወርቅ መስሎ ሲጠብስ፥ ውስጡ ለስላሳ እንደ ሆነ ይወጣል፤ በትኩሱም ተቈርጦ በወረቀት ይሰጣል። ሽሮ የለመደ አፍ እንግዳ አይሆንበትም። ጥቁር በርበሬ ነስንሰው ይበሉታል፤ ሚጥሚጣ ቢኖር ደግሞ ይበልጥ በተስማማው ነበር እላለሁ፤ ጄኖቫውያን ግን አይሰሙኝም።

ስለ አመጣጡ የሚነገር ተረት አለ። በ1284 ጄኖቫ በሜሎርያ የፒሳን መርከቦች ድል አድርጋ ስትመለስ ማዕበል ተነሣ፤ የሽምብራው ዱቄትና የዘይቱ በርሜል በመርከቡ ውስጥ ተገልብጦ ከባሕር ውሃ ጋር ተደባለቀ፤ ስንቅ ያለቀባቸውም መርከበኞች የተደባለቀውን በፀሐይ አድርቀው በሉት ይላሉ። ጦርነቱ እውነት ነው፤ ስለ ሊጡ የሚባለው ግን የምድጃ ዳር ጨዋታ ይመስላል።

ጠዋት የሚወጣው ሌላው ምግብ ፎካቻ ነው፤ ጠፍጣፋ፥ በጣት የተወጋጋ፥ ዘይትና ጨው የጠጣ ዳቦ። የከተማው ሰዎች ቁርስ ሲበሉ ከወተት በተቀላቀለ ቡና ውስጥ እየነከሩ ይበሉታል፤ ለእኛ ነገሩ ያስደንቃል። ደንበኛው ፎካቻ በወይራ ዘይት ይሠራል፤ አንዳንድ ጋጋሪ ግን የአሳማ ስብ ይጨምርበታልና፥ ፍስክም ቢሆን ጾም ጠይቆ መግዛት ያሻል። በሬኮ ስም የሚጠራው ዓይነት በአይብ የተሞላ ስለ ሆነ ለጾም አይሆንም። በሶቶሪፓ የሚጠበሰውም አትክልት ዓሣ በተጠበሰበት ዘይት ሊጠበስ ስለሚችል፥ ስለ ዓሣ ያለውን ጥያቄ እያንዳንዱ ከንስሐ አባቱ ጋር አስቀድሞ ይጨርስ።

ከወደቡ ወደ ውስጥ ሲገቡ ካሩጂ የሚባሉት ቀጫጭን መንገዶች ይጀምራሉ። ቤቶቹ ስድስትና ሰባት ፎቅ ሆነው ግራና ቀኝ ስለ ቆሙ ሰማዩ እንደ መቀነት ጠቦ ይታያል። በየማዕዘኑ ቀና ብሎ ላየ ሰው በግድግዳ ላይ የእመቤታችን ምስል ያለበት ትንሽ መቅደስ ይታየዋል፤ መንገድ በመብራት በማይታይበት ዘመን ለአላፊው ብርሃን የሚሆነው በምስሏ ፊት የሚበራው መብራት ነበር። ከተማይቱም በ1637 እመቤታችንን ንግሥቷ አድርጋ በአዋጅ ሰይማለች።

በመንገዶቹ መካከል የቅዱስ ላውሬንትዮስ ካቴድራል ነጭና ጥቁር እብነ በረድ ተነባብሮበት ብቅ ይላል። በ1118 የተባረከ ነው። በ1098 ገደማ የጄኖቫ መርከበኞች ከሜራ ከተማ ያመጡት የቅዱስ ዮሐንስ መጥምቅ ዐፅም ዐመድ ነው የሚሉት በዚህ ይጠበቃል፤ በጁን 24 በዓሉ ሲውል በሰልፍ ወደ ወደቡ ወርደው ባሕሩን ይባርካሉ። በቀኙ በኩል ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ የሆነ ዕቃ ቆሞ ይታያል፤ ትልቅ የመድፍ ጥይት ነው። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1941 የእንግሊዝ የጦር መርከቦች ከተማይቱን ሲደበድቡ ይህ ጥይት ግድግዳውን በጥሶ ገባና ሳይፈነዳ ቀረ። በከተማው ግን በዚያ ቀን ከመቶ በላይ ሰዎች ሞተዋል። ቀኑን ከእኛ ታሪክ ጋር ላስተያየ፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ተመልሰው ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ከተከሉ ገና ሃያ ቀን ነበር። አንድ ጦርነት በሁለት አገር ሰማይ ሥር እንዲህ ይገናኛል።

ከካቴድራሉ በኋላ መሪው ብዙውን ጊዜ ወደ ፔስቶ ያመራል። ይህ ማባያ በእብነ በረድ ሙቀጫ በእንጨት ዘነዘና የሚወቀጥ ነው፤ ነጭ ሽንኩርት፥ ጨው፥ የዝግባ ዓይነት ዛፍ ፍሬ፥ የባሲል ቅጠል፥ አይብና የወይራ ዘይት። ባሲሉ የበሶብላችን ዘመድ ነው፤ ሽታው ግን ለስለስ ያለ ነው፤ ከከተማው በስተ ምዕራብ በፕራ የሚበቅለው፥ ቅጠሉ ትንሽ ሳለ የሚቈረጠው ይመረጣል። አይብ ስላለበት የጾም አይደለም፤ ሲወቀጥ ማየትና ማሽተት ግን የሚከለክለን የለም።

ሁለት ምግቦች በተለይ የቤተሰብ ናቸውና ሳልጠቅሳቸው አላልፍም። አንዱ ለፋሲካ የሚጋገረው ቶርታ ፓስኳሊና ነው፤ አትክልት፥ እንቁላልና አይብ በስስ ሊጥ ተሸፍኖ የሚሠራ ሲሆን፥ የቀድሞ እመቤቶች ጌታችን በምድር የኖረበትን ዘመን በማሰብ ሊጡን ሠላሳ ሦስት ጊዜ ይደራርቡት ነበር ይባላል። ሁለተኛው የልደት ፓንዶልቼ ነው፤ ዘቢብና ፍራፍሬ የበዛበት ጣፋጭ ዳቦ። በልማዱ ከገበታው ሁሉ ታናሽ የሆነው ልጅ በላዩ የተሰካችውን የሎሬል ቅጠል ያነሣል፤ ዳቦው ሲቈረስም አንድ ቍራሽ ደጁን ለሚያንኳኳው ለመጀመሪያው ድኻ ይቀመጣል።

ከዚህ በኋላ ጉዞው ወደ ጋሪባልዲ መንገድ ወጥቶ በባለጠጎች ቤተ መንግሥታት መካከል ያልቃል። ውበታቸውን ሌሎች ብዙ ጽፈውታል፤ እኔ የምወድደው አንድ ነገር ብቻ ነው። ከ1576 ጀምሮ የእነዚህ ቤቶች ባለቤቶች ስማቸው በመዝገብ ተጽፎ፥ የመንግሥት እንግዳ ሲመጣ ዕጣ የወጣለት ሰው ያን እንግዳ በቤቱ የማስተናገድ ግዴታ ነበረበት።

መሪው ተሰናብቶ ከሄደ በኋላ ጊዜ ያለው ኦርቶዶክሳዊ ሁለት ስፍራ ይጨምር። አንደኛው የአርመናውያን ቅዱስ በርቶሎሜዎስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1308 ከአርመን የተሰደዱ መነኰሳት የመሠረቱት ሲሆን፥ ዛሬ ከኋላ ዘመን ሕንፃ ጋር ተጣብቆ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ሳያስተውለው ያልፋል። በውስጡ ግን የጌታችን መልክ አለበት የሚባለው ጨርቅ በብር ክፈፍ ተጠብቆ ይኖራል። የቊስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ዮሐንስ ፓሌዎሎጎስ ለጄኖቫው መስፍን ለሊዮናርዶ ሞንታልዶ ሰጠው፤ እርሱም በ1384 ለእነዚያ መነኰሳት አወረሰው። በክፈፉ ዙሪያ የንጉሥ አብጋር ታሪክ፥ ታምሞ ወደ ጌታችን መልእክተኛ እንደ ላከ፥ በዐሥር ትንንሽ ሥዕሎች ተቀርጿል። የአብጋር ከተማ ኤዴሳ በእኛ መጻሕፍት ሮሃ የምትባለው ናት፤ የላሊበላዋ ሮሃ እንዳትመስለን።

ሁለተኛው በወደቡ መገንጠያ ላይ ያለው የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን፥ ሳን ማርኮ አል ሞሎ ነው። ትንሽ ነው፤ በግድግዳው ላይ ጄኖቫውያን በ1380 ከቬኒስ ግዛት ከፖላ ማርከው ያመጡት የድንጋይ አንበሳ ተለጥፏል። በዐሥራ አራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የዚህ ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪ ጆቫኒ ዳ ካሪኛኖ የሚባል ቄስ ነበር፤ ካርታ የሚሠራ ሊቅ ነው። በዚያን ጊዜ ሠላሳ የኢትዮጵያ መልእክተኞች ከአውሮፓ ነገሥታት ዘንድ ሲመለሱ፥ ለጉዞ የሚመች ነፋስ እስኪነሣ ድረስ በጄኖቫ ቆዩ። ካሪኛኖም ስለ አገራቸው፥ ስለ ሥርዓታቸውና ስለ ቤተ ክርስቲያናቸው ጠይቆ የነገሩትን ጻፈ። ብዙዎች ዘመኑን 1306፥ ንጉሡንም ዐፄ ውድም አርዓድ ያደርጉታል፤ በዓመቱ ላይ ግን ሊቃውንት ይከራከራሉ። መጽሐፉ ራሱ ጠፍቷል፤ ፍሬ ነገሩ የተረፈው የቤርጋሞው መነኵሴ ያዕቆብ ፊልጶስ ፎረስቲ በ1483 ባሳተመው የዓለም ታሪክ ውስጥ ነው። በዚያ ውስጥ ከንጉሠ ነገሥቱ በታች ሰባ አራት ነገሥታት እንዳሉ ተጽፏል። ካሪኛኖ የሠራው ካርታም እስከ ዘመናችን ደርሶ ሳለ በ1943 በጦርነቱ ጠፋ።

በዚያ ደጃፍ ቆሞ ወደ ባሕሩ ለሚያይ ሰው፥ አባቶቻችን ቆመው ነፋስ የጠበቁበት ወደብ ፊት ለፊቱ ነው። የማርቆስ መንበር ልጆች በማርቆስ ደጅ ተጠየቁ፤ የሚያዳምጣቸውም ሰው ቀለምና ብራና ይዞ ነበር። ከዚህ እስከ ሩባቲኖ ሐውልት በእግር ዐሥር ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው።